የአያ ይርሳው ቢጫ መብራት ለምን እንዳልተለወጠ

አያ ይርሳው አረፉ። በደብረ ማርቆስና በይጁቤ መካከል በትራክተር የሚመላለስ ሁሉ የሚያውቃቸው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የእኔም የዓመታት የሱቅ ጎረቤትና የዕለት ተዕለት ተከራካሪ፣ ሳንጠግባቸው ተለዩን። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደረታቸውን ያዝ አድርገው፣ «ዛሬስ ትራክተሯን የምነዳበት ጉልበት የለኝም፤ አንተ ጋ ትደር» ብለው ቁልፉን ሰጡኝና በሰው መኪና ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ የሱቄን በር እየከፈትሁ ሳለ አንድ የመንደራቸው ሰው መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ሰላምታ ሳይሰጠኝ ራሱን ሲነቀንቅ ነገሩ ገባኝ። ትንሿ ትራክተር ከደጃፌ ላይ እንዳቆሟት ቆማለች፤ ጭቃዋ እንኳን ገና አልደረቀም ነበር።

በቀብራቸው ዕለት የመጣውን ሕዝብ ያየ ሁሉ አይቶታል፤ ያን አልደግመውም። ይህን የምጽፈው ግን አርባቸው ደርሶ ዘመድ ወዳጅ ሲሰበሰብ፣ በልቡ አንድ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ሰው ነው። በተለይም በሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ጥግ ጠርታችሁ ላነጋገራችሁኝ ሾፌሮች። «ለሁላችን አብርተው እርሳቸው በጭላንጭል ኖሩ» አላችሁኝ። «አዲሱን መብራት እናስገባላትና ትራክተሯን አሳምረን ለባለቤታቸው ለእትዬ ደጊቱ እናስረክብ። መብራቱ ካንተ፣ ሥራው ከእኛ» አላችሁ። ዝም አልሁ። ያኔ ከመካከላችሁ ሾፌሩ መልካሙ፣ «አንተ ደግሞ ዛሬም ቢጫ አምፖልህን ልትሸጥ ነው?» ብሎ ወጋ አደረገኝ። በኀዘን መካከል የሚቀልድ ሰው እወዳለሁ፤ አያ ይርሳውም ቢኖሩ ከእኔ በፊት ይስቁ ነበር። ዝም ያልሁት ስስት ይዞኝ አልነበረም። ያችን ቢጫ መብራት መንካት የእናንተም የእኔም ሥልጣን እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው።

አያ ይርሳው የተወለዱት ዲማ አካባቢ ነው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው ከመምህራቸው እግር ሥር ተቀምጠዋል፤ በኋላ ኑሮ ገፍቷቸው ደብረ ማርቆስ መጡና ከአንድ ጋራዥ ተጠግተው ሽቦ መዘርጋት ለመዱ። ቅኔውን ለምን እንደተዉት የሚጠይቃቸው አይጠፋም። «እኔ አልተውሁትም፤ ሽቦ ውስጥ ገብቶ ጠፋብኝ እንጂ» ይሉ ነበር።

የእኔ ሱቅና የእርሳቸው መሥሪያ ክፍል የሚለያዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። እኔ አምፖል፣ ፊውዝና ናስትሮ እሸጣለሁ። እርሳቸው ካቻቢቴያቸውን ከጆሯቸው ላይ እንደ እርሳስ ሰክተው ከመኪና ሆድ ሥር ይውላሉ። ጠዋት ጠዋት ጋቢያቸውን በምስማር እየሰቀሉ፣ «እንዴት አደርህ፣ የጨለማ ነጋዴ?» ይሉኛል። የሰው አምፖል በተቃጠለ ቁጥር የእኔ ገበያ ስለሚደራ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ትናንትም ብዙ ተቃጥሏል» እላለሁ። ይኸው የጠዋት ጸሎታችን ነበር። አሁን ማንም የጨለማ ነጋዴ የሚለኝ የለም። ሱቄን ስከፍት ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ የምጠብቀው ነገር አልተወኝም።

እነዚያ ትናንሽ ትራክተሮች ወደ አገራችን መንገድ መውጣት ሲጀምሩ፣ ቀን አርሰው ሲመሽ ጤፍ፣ አሸዋና ውሃ የሚያመላልሱ ሆኑ። ዲናሟቸው አቅመ ቢስ ነው። ሞተሩ ቀስ ሲል መብራቱም አብሮ ይደክማል፤ ኮረኮንቹ መንገድ ደግሞ በአምፖሉ ውስጥ ያለችውን ቀጭን ሽቦ እያንቀጠቀጠ ይበጥሳታል። ስለዚህ ሾፌሮች ሁልጊዜ እኔ ጋ ነበሩ። በኋላ ኤልኢዲ የሚባለው መብራት ከአዲስ አበባ መምጣት ጀመረ። አያ ይርሳው አንዱን ከእኔ ወስደው በባልዲ ውሃ ውስጥ ነከሩት፣ ከተሳቢ ጎን አስረው በኮረኮንቹ ላይ አስጎተቱት፣ መልሰው ከባትሪ ጋር አገናኙት። በራ። «ይኸ መነኩሴ ነው። የሚቀምሰው ትንሽ፣ የሚሰጠው ብዙ» አሉ።

የሚጠራጠር ሾፌር ሲመጣ የሚያሳምኑበት ዘዴ ነበራቸው። መዳፉን ይዘው መጀመሪያ ከአሮጌው መብራት መስታወት ላይ ያስቀምጡታል፤ ይሞቃል። ቀጥሎ ከአዲሱ ላይ ያስቀምጡታል፤ ቀዝቃዛ ነው። «አየህ፣ አሮጌው የበላውን በሙቀት ይጥለዋል። ይኸኛው የበላውን ያበራዋል» ይሉታል። ይህችን የመዳፍ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አንድ ባለ ትራክተር ገበሬ ታዲያ ስሙን በቅጡ ሳይሰማ ሄዶ ኖሮ በሳምንቱ ተመልሶ፣ «አያ ይርሳው፣ ያችን ልደታ የምትሏትን ለእኔም አስገቡልኝ» አላቸው። ወሩ ግንቦት ነበርና ጆሮው አልተፈረደበትም። ከዚያ ወዲያ ኤልኢዲ ብሎ የጠራው ሰው አልሰማሁም፤ እኔም ብሆን ከሱቄ በር ላይ «ልደታ አለ» ብዬ ጻፍሁ። ከዲማ የቅኔ ቤት ባልንጀራቸው የነበሩ አንድ መሪጌታ ለጉዳይ ከተማ መጥተው ይህንን ጽሑፍ ቢያዩ ቆጣ አሉ።

«ይርሳው፣ የእመቤታችንን ልደት ከትራክተር ጋር ታዳብለው?»

«ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም መሪጌታ፤ ሕዝብ ነው። ደግሞስ በጨለማ መካከል ብርሃን ሲወለድ ልደታ ያላልነው ምን ልንል ነው?»

መሪጌታው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ጽሑፉ እስከ ዛሬ አለ።

መልካሙን ታውቁታላችሁ፤ በይጁቤ መንገድ፣ ከአያ ይርሳው ቤት ኮረብታ በታች የሚኖረው ሾፌር ነው። ልደታውን ከእኔ ገዝቶ፣ «ይህችን ለማስገባት ደግሞ ባለሙያ ምን ያደርጋል?» ብሎ ራሱ ገጠማት። አልበራችም። በማግስቱ እንደ ዝናብ ደመና ጠቁሮ መጣና፣ «የሸጣችሁልኝ ሬሳ ነው፤ ሞታለች!» ብሎ ከአያ ይርሳው ጠረጴዛ ላይ ወረወራት። እርሳቸው አልተቆጡም። ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይረው አገናኙ፤ ክፍሉ ነጭ ሆነ። «አልሞተችም፤ ፊቷን አዙራብህ ነው» አሉት። «አሮጌው አምፖል በፈለግኸው በኩል ብታጎርሰው ይበላል። ይህች ግን ጨዋ ናት፤ በወጉ ካላጎረሷት አፏን አትከፍትም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ መልካሙ ሚስቱ ባኮረፈች ቁጥር «ሽቦው ተገልብጦብኛል» ይላል አሉ፤ እርሱ ይመስክር።

መብራቱን አስገብተው ብቻ አይሸኙም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ትራክተሩን ከግድግዳ ፊት ያቆሙታል። በጠመኔ መስመር ያሰምራሉ፤ ከዚያ ተንበርክከው ብርሃኑ ከመስመሩ በታች እስኪወርድ ድረስ ብሎኑን ጠበቅ ላላ ያደርጋሉ። ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር፤ ሲነሡ ግድግዳውን ይደገፋሉ። «ተዉት፣ ይበቃል፣ ያሳየኛል» ለሚል ሾፌር መልሳቸው አንድ ነው። «ላንተ ያሳይሃል። ከፊትህ ለሚመጣውስ? ብርሃን ሰው ፊት ላይ የሚወረወር ድንጋይ አይደለም።» ክረምት ላይ ውሃ የገባበት መብራት አለ ሲባል ጃንጥላ ይዘው እስከ መንገዱ ድረስ የሄዱላችሁ ብዙዎች ናችሁ። አንዱማ ከዚያ በፊት ገበያ መካከል የሰደባቸው ሰው ነበር። ጃንጥላውን እርሱን አስይዘው ሠሩለት። ስድቡን አላነሡበትም፤ ጃንጥላውን ዘንበል ስላደረገ ብቻ ተቆጡት።

አንድ ነገር ግን ይገርመኝ ነበር። በሌላው በቁይ መንገድ የመጣ ሾፌር ወረፋውን ይጠብቃል። የይጁቤ መንገድ ሰው ሲሆን ግን እርሳቸው ናቸው መንገድ ወጥተው የሚያስቆሙት። «ና፣ ልደታ ላስገባልህ፣ የእጄን አትከፍለኝም» እያሉ ይለምኑታል። እኔም፣ «ምነው፣ ለምርጫ ሊወዳደሩ ነው እንዴ?» እላቸዋለሁ። እንዲህ ሰውን ሁሉ ሲያስለውጡ የራሳቸው ትራክተር እነዚያኑ ሁለት ቢጫ ዓይኖቿን እንደያዘች ቀረች። ከጎማዋ በላይ ካለው ከፓራፋንጎዋ ላይ ደግሞ በገዛ እጃቸው በነጭ ቀለም አንዲት ቃል ጽፈዋል፦ «አብራኝ»። መብራቷ ደካማ ስለሆነች የጻፉት ጸሎት መስሎኝ፣ «አምፖሉን መለመንዎ ነው?» ብዬ ሳቅሁባቸው።

«መለመኔ ነው» አሉ።

የግንቦት ልደታ ዕለት፣ «ዛሬ እኔ ዘንድ ንፍሮ ትቀምሳለህ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ከፓራፋንጎው ላይ ተቀምጬ፣ ብረቱን ሙጥኝ ብዬ፣ አመሻሽ ላይ በይጁቤ መንገድ ስንወርድ ከፊታችን የሚመጡት ትራክተሮች ሁሉ ነጭ ነበሩ፤ ሁሉም የእርሳቸው እጅ ያለባቸው። ከመታጠፊያው እንደወጣን ከኮረብታው ላይ፣ ከአጥራቸው ደጅ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው አየሁ። ሰውየው ተነሣ። ለካ እትዬ ደጊቱ ናቸው።

«አየሃት? ተነሣች» አሉኝ አያ ይርሳው። ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ሞተሩን ቀስ አድርገው ያን ጊዜ ነገሩኝ። የእትዬ ደጊቱ ዓይን ሞራ ለብሶ፣ በሕክምና የሚቻለው ሁሉ ተደርጎ፣ የቀረላቸው ብዥታ ነው። ነጩ መብራት ለዓይናቸው እንደተደፋ ዱቄት ይበተንባቸዋል። ቢጫው ግን ክብ ሆኖ፣ ተሰብስቦ ይታያቸዋል። ስለዚህ የባላቸውን መምጣት የሚያውቁት በቢጫዋ መብራት ነው። ትልልቁ መኪና ወዲያው ያልፋል፤ አይምታታባቸውም። ትራክተር ግን ሁሉም ያዘግማል፣ ያኔም ሁሉም ቢጫ ነበር።

«ባለፈች ትራክተር ሁሉ ትነሣ ነበር» አሉኝ። «እኔ ሳልሆን ስቀር ትቀመጣለች። ደግሞ ሌላ ይመጣል፤ ትነሣለች። አንድ ቀን ስደርስ ሳትነሣ ጠበቀችኝ። ‹ምነው?› ብላት ‹የሰው መስሎኝ ነው፤ ደከመኝ› አለችኝ። ያን ዕለት ወሰንሁ።»

«ምን ወሰኑ?»

«የሰዉን ሁሉ ነጭ ላደርገው ነዋ!»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ መሳቅ አቃተኝ። አንድ ሰው ሚስቱ በከንቱ እንዳትነሣ ብሎ የአንድ መንገድ መብራት ሁሉ ሲለውጥ እኔ አጠገቡ ቆሜ ምርጫ ነው እያልሁ ስቀልድ ነበር። እናንተም መንገዱ የበራላችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ምክንያቱን ብታውቁትም ብርሃኑ አይቀንስባችሁም ብዬ ነው የምነግራችሁ።

ከደጃቸው ስንደርስ እትዬ ደጊቱ እኔን ሰላም ከማለታቸው በፊት ወደ ትራክተሯ ቀረቡና ሁለት መዳፋቸውን በሁለቱ መብራቶች መስታወት ላይ አኖሩ። የደጋው ብርድ ሲመሽ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ከሷ ልሙቅ፤ ልማዴ ነው» አሉኝ። አያ ይርሳው ሞተሩን ሳያጠፉ ይጠብቃሉ። በከተማ ለደንበኛ እንደ ጉድለት የሚያሳዩት ያ ሙቀት እዚህ የሚስታቸው እጅ ማሞቂያ ነበር። ከዚያ አያ ይርሳው ወደ ጽሑፏ ጠቁመው፣ «ያነበብሃት ቃል እኮ ሁለት ናት» አሉኝ። «አብራኝ ስል ለአምፖሉ ነው። ወርቁ ግን እሷ ናት፤ አብራኝ ያለችው፣ አብራኝ የኖረችው።»

«ዕድሜ ልኩን ይህን ቅኔውን እንዳለ ነው፤ ሽቦ ውስጥ ጠፋብኝ ሲል አትመነው» አሉ እትዬ ደጊቱ፣ እጃቸውን ከመብራቱ ላይ ሳያነሡ።

እንግዲህ በሠልስቱ ዕለት ዝም ያልሁት ይህንን ይዤ ነው። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ፍርሃትም ነበረብኝ። ቢጫዋ መብራት አመሻሽ ላይ በዚያ መታጠፊያ ብትወጣ፣ እትዬ ደጊቱ ምን ይሆናሉ? መጣልኝ ብለው ቢነሡስ? ምናልባት ነጭ ብናደርጋት ይሻል ይሆን? ሁለቱንም ስፈራ ከርሜ በመጨረሻ ሄጄ ራሳቸውን ጠየቅኋቸው።

«ልጆቹ ልደታ ሊያስገቡላት ይፈልጋሉ» አልኋቸው። «እኔም ቢጫዋን ሲያዩ እርሳቸው የመጡ እየመሰለዎ ይጎዱብናል ብዬ ሰጋሁ።»

ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደለበሱ ፊታቸውን ወደ መታጠፊያው መለሱ።

«አይመስለኝም» አሉ። «አፈር ሲለብስ ቆሜ ነበር፤ እንደማይመጣ አውቃለሁ። እሷ ግን ስትመጣ ልያት። ማታ ማታ የምነሣበት ነገር ይኑረኝ።» ቀጥለውም፣ «ልጆቹን አመስግንልኝ። ለሰው ሁሉ ልደታ ያስገቡ፤ የኔን ይተዉልኝ» አሉ።

ትራክተሯን ለመመለስ መልካሙን አስከትዬ ሄድሁ። እርሱ ነዳ፤ እኔ ከፓራፋንጎው ላይ፣ ከዚያች ቃል በላይ ተቀመጥሁ። አመሻሽ ነበር። መታጠፊያውን ስንወጣ መልካሙ ማንም ሳያዝዘው ሞተሩን ቀስ አደረገ። ከኮረብታው ላይ እትዬ ደጊቱ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና እስክንደርስ ቆመው ጠበቁን። ስንደርስ ቀርበው መዳፋቸውን ከመስታወቱ ላይ አኖሩ።

«ሞቃለች» አሉ።

መልካሙ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። እጃቸውን እስኪያነሡ ድረስ ሞተሩን አላጠፋም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ትራክተሯን ወስዶ የእርሳቸውንም የመንደሩንም ውሃ ያመላልስባታል፤ አመሻሽ ላይ በላይኛው መንገድ ዞሮ፣ በዚያው መታጠፊያ በኩል ይመልሳታል። በአቋራጭ መሄድ ይችል ነበር። አይሄድም።

አያ ይርሳው፣ አሁን ከእርስዎ ጋር ልነጋገር። በቀብርዎ ዕለት ካህኑ «ስማቸው ይርሳው፣ እርሳቸው ግን አይረሱ» ሲሉ እርስዎ ቢሰሙ «ይህማ የጀማሪ ቅኔ ነው» ብለው እንደሚተቹ እያሰብሁ በዕንባዬ መካከል ሳቅሁ። ናፍቀውኛል። ከግድግዳው ወዲያ የካቻቢቴ ድምፅ ናፍቆኛል፤ ስድብዎ ናፍቆኛል፤ ጉልበትዎን አሞዎት ሲነሡ የሚያወጡት «እህ» እንኳን ናፍቆኛል። የይጁቤ መንገድ ሲመሽ ነጭ ነው፤ እንዳደረጉት አለ። አንዲት ቢጫ በመካከሉ ታዘግማለች፤ እትዬም በከንቱ አይነሡም።

ቢጫ አምፖል አሁን ፈላጊ የለውም፤ ከአዲስ አበባም መምጣቱ እየቀረ ነው። የቀረኝን ሁሉ ከሱቄ የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ሌላ ሰው መጥቶ ሲጠይቀኝ «የለም» እላለሁ። የጨለማ ነጋዴ ብለውኝ አልነበር? ይኸው አንድ ዕቃ አልሸጥም ብያለሁ። የትራክተሯ አንዷ ስትቃጠል ሌላዋን እተካለሁ፤ እትዬ እስከተነሡ ድረስ እርስዎ ይመጣሉ። በሰላም ይረፉ፣ አያ ይርሳው፤ ከፓራፋንጎዋ ላይ እንደጻፉት፣ እዚህ አብራዎት ናት።